የጠባሴው ጋራዥና የእኔ ዲኤክስ

ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሯ የተቀየረ መኪና ይዞ ጋራዥ ለጋራዥ የዞረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮፈኑን ትከፍታለህ። መካኒኩ ያያል። ረዳቶቹን ይጠራል። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ሳይቀር መጥቶ ያያል። አንዱ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ሁሉም ተስማምተው "ይሄን አውጣውና የድሮውን ሞተር መልስበት" ይሉሃል። ለዚህ ምክር ደግሞ ያስከፍላሉ።

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያለው ጋራዥ እንዲህ አላለኝም። ስለዚህ ልጽፍለት ተነሳሁ። በሩ ላይ ስም የለውም፤ ባለቤቱም ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም። የሚሠሩት አባትና ሴት ልጅ ናቸው። አባትየው ዕድሜያቸውን በአይሱዙና በላንድክሩዘር ሥር ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ተምራ እዚያው አባቷ ጋ ገባች። እሳቸው መፍቻ ይይዛሉ፣ እሷ ላፕቶፕ። ይጨቃጨቃሉ፤ ሥራው ግን ያምራል።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1982 ሞዴል ኮሮላ ነች፤ ዲኤክስ የምንላት። የኋላ እግር ነው የሚነዳት። ከፋብሪካ ስትወጣ 1,290 ሲሲ የሆነ 4ኬ ሞተር ነበራት። ጠንካራ ሞተር ነው፣ አልዋሽም። ግን ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጣ የተጫነ አይሱዙ ከኋላህ ጡሩንባ ይነፋብሃል። ወንድሜ ዱባይ እያለ የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ሞተር አግኝቶ ላከልኝ። ባለ 20 ቫልቭ፣ ጥቁር ክዳን ያለው። ቶዮታ ከ1995 ጀምሮ ሌቪንና ትሩኖ ላይ የገጠመው ነው። 1,587 ሲሲ ብቻ ነው፤ ግን በ7,800 ዙር 165 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የመጭመቅ ምጣኔው 11 ለ 1 ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ አየር መግቢያ በር አለው፤ አራት ሲሊንደር፣ አራት በር። ድምፁን የሰማ ሰው ለምን እንደወደድኩት አይጠይቀኝም።

የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ነኝ። ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ዕቃው የሚመጣው በጭነት መኪና ነው፤ እኔ የምሄደው ዋጋ ልነጋገርና ማሳ ልይ ነው። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ሞተር ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

ይህ ሞተር ሲፈጠር በአግድም ለሚቀመጥበት፣ የፊት እግር ለሚነዳው መኪና ነው። ዲኤክስ ላይ ግን በቁመቱ ነው የሚገባው። ያኔ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጀርባ ያለው ዲስትሪቢዩተር፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ የሞተር ክፍሉን ግድግዳ ይገጫል። ስለዚህ እሱ ይወጣና በቦታው ኮይሎች ይገባሉ፤ እነሱን የሚያዝ ሌላ ኮምፒውተር ደግሞ ያስፈልጋል። የእኔዋ ላይ ያለው ሜጋስኩዊርት የሚባለው ነው፤ ሰው ራሱ ገጣጥሞ በላፕቶፕ የሚያስተካክለው ዓይነት። ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ተሠርቶ አለቀ። ሠሪዎቹን ስም አልጠራም፤ ብየዳቸውና ሽቦ አዘረጋጋቸው ጥሩ ነበር።

ችግሩ የጀመረው መንገድ ስወጣ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስነሳ መኪናዋ ሙሽራ ናት። ሸዋ ሮቢት ሜዳው ላይ ደርሼ ነዳጅ ስረግጥ ግን ሞተሩ ይቀጠቅጣል። ካን ካን ካን። የሞተር ነገር የገባው ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል። ስመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ዳገቱን ጨርሼ ጣርማ በር ጋ ስደርስ ትታፈናለች፣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ካንዴላዎቹን ሳወጣቸው ጥላሸት ናቸው። በዚያ ላይ ዳገት ላይ ውሃ ትተፋለች።

አዲስ አበባ ያስተካከላት ልጅ "እኔ ጋ ምንም አላደረገችም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱ ጋ ምንም አላደረገችም። እዚህ ከተማችን ያለ ሌላ ጋራዥ ደግሞ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለክቶ ከመጽሐፍ ጋር አስተያየና "ሞተሩ አልቋል፣ ቴስታታው ይነሳ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር" ብሎ ፈረደ። ዋጋውን ስሰማ መኪናዋን ጎትቼ ወጣሁ። ከዚያ ነው አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠባሴን የጠቆመኝ።

ጋሼ ኮፈኑን አልከፈቱም። ሻይ አስመጡና ጥያቄ ጀመሩ።

"መቼ ነው የሚቀጠቅጠው?"

"ሸዋ ሮቢት ስደርስ።"

"እዚህ ከተማ ውስጥስ?"

"በፍጹም።"

"ስትመለስ መንገድ ላይ ታጠፋታለህ?"

"አንዳንዴ ደብረ ሲና ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ።"

"ከሻዩ በኋላስ?"

"እሱ ነው የሚገርመኝ ጋሼ፣ ትድናለች። ሳልቆም ካለፍኩ ግን ትታፈናለች።"

ይህን ለሌሎቹ መካኒኮች ስነግራቸው ስቀውብኝ ነበር። አንዱማ "ሻይ አጠጣት" ብሎኛል። ጋሼ አልሳቁም። ወደ ጓዳ ዞረው "ነይ እስቲ፣ ይሄን ስሚ" ብለው ልጃቸውን ጠሩ። እሷ ግማሹን ሰምታ ነገሩን ጨረሰችው።

እንደገባኝ ላስረዳ። አብዛኛው መኪና ሞተሩ የሚስበውን አየር በሴንሰር ይለካና የሚረጨውን ቤንዚን በዚያ ልክ ያደርጋል። አራት በር ያለው ሞተር ላይ ግን ይህ ልኬት ይበጠበጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በሮቹ ስንት እንደተከፈቱና ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚዞር አይቶ ነው ቤንዚን የሚሰጠው። በሩ ግማሽ ከተከፈተ ይህን ያህል፣ ሙሉ ከተከፈተ ያን ያህል። ግን ግማሽ የተከፈተ በር ጣርማ በር ላይ የሚያስገባው አየርና ሸዋ ሮቢት ላይ የሚያስገባው አየር አንድ አይደለም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 አካባቢ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ይወርዳል። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ እኛ ጋ 72 ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 87 ገደማ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የሞተሩ ሲሳይ በአንድ አምስተኛ ይጨምራል ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም ወይ? ያውቃል፤ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚያየው። ቁልፍ ስትከፍት፣ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት፣ የውጭውን ግፊት ያነብና ያንን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። እስክታጠፋት ድረስ ደብረ ብርሃን እንዳለህ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ስወርድ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ግን የደብረ ብርሃኑ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰውና ይቀጠቅጣል። ከሸዋ ሮቢት አስነስቼ ስወጣ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ የሸዋ ሮቢቱ ነው፤ ይትረፈረፍባታል፣ ታጨሳለች። ደብረ ሲና ሻይ ስጠጣ ቁልፉ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን ቦታ ያነባል። የሻዩ ተአምር ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ አሠራር በቂ ነው። ኮምፒውተሩም ጥፋት የለበትም፤ ሁለተኛ የግፊት ሴንሰር ቢሰጡት በየሰኮንዱ ያነባል። የጎደለው እሱ ነበር። ልጅቷ ከተገጨ መኪና የወጣ ያገለገለ ሴንሰር ከሳጥን አወጣች፣ ሽቦውን በየደች፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ሰካችው። ቁልፉን ስትከፍት ላፕቶፑ ላይ 72 አለ። አባትየው "ከተማችንን አወቃት" አሉ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር አደረጉ፤ ሁለቱም ገንዘቤን ያተረፉ ናቸው። የመጀመሪያው የግፊት ልኬት ነው። ጋሼም እንደዚያኛው ጋራዥ ለኩ፣ ተመሳሳይ ቁጥር አገኙ። ግን "መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው" አሉኝ። እዚህ ሞተሩ የሚጨምቀው አየር ሲጀመርም የሳሳ ስለሆነ ጌጁ ከመጽሐፉ አሥር ሰባቱን ያህል ካሳየ ጤነኛ ነው። እሳቸው የሚያዩት አራቱ ሲሊንደሮች እኩል መሆናቸውን ነው። እኩል ነበሩ። ለማረጋገጥ በየሲሊንደሩ በኮምፕሬሰር አየር ነፍተው የት እንደሚሾልክ አዳመጡ። ቴስታታው አልተነሳም፤ ፋሻም አልተቀየረም። ደብረ ብርሃን ላይ በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ስንት ደህና ሞተር እንደተፈታ እግዜር ይወቀው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የሚተፋው ከራዲያተሩ ክዳን ነበር። የክዳኑ ላስቲክ አልቆ ግፊት አይዝም። ዝቅ ያለ አገር ቢሆን ምናልባት ሳይታወቅ ይቆይ ነበር። እኛ ጋ ግን ያለ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የእኔዋ ፋን በ93 እንዲነሳ ነበር የታዘዘው። ስለዚህ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላል። ክዳኑ ተቀየረ፤ ፋኑም ቀደም ብሎ እንዲነሳ ተደረገ። ቴስታታው ተጣሟል ላሉኝ ሰዎች ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

አሁን መንገዱ። ይህን ጋራዥ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ዳይኖ የለም፤ መኪና አስሮ በሮለር ላይ እያሽከረከሩ ጉልበት መለካት የሚባል ነገር እዚህ አይታሰብም። ብዙው ሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ እያስረገጠ በጆሮ ነው የሚያስተካክለው። እነዚህ ግን "መኪናዋ የምትታመምበት ቦታ ካልሄድን አናክማትም" አሉ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቀን ወጣን። ያም ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የአገራችንን ሁኔታ ታውቁታላችሁ።

ልጅቷ ከጎኔ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አባቷ ከኋላ። ማርሚታው ጋ በተበየደ የኦክስጅን ሴንሰር የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ ታያለች፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። መጀመሪያ አዲሱን ሴንሰር ዘግታ በድሮው አሠራር አስነዳችኝ፤ ችግሩን በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳው ላይ ሙሉ ስረግጥ 12.8 ነበር። ጥሩ ነው። ጣርማ በር ጉም ውስጥ ገብተን ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረውን ዋሻ አለፍን። ደብረ ሲናን ሳንቆም፣ አርማኒያን ሳንቆም። ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ቀስ ብዬ ስረግጥ ቁጥሩ 15ን አለፈ። "በቃ! አትርገጥ!" ብላ ጮኸች። ከኋላ ጋሼ "ሰማሁት፣ ሰማሁት" ይላሉ።

ቆመን ሴንሰሩን ከፈተችው። እንደገና ስነዳ 13 አካባቢ መጣ። ቀሪው ሥራ ስንመለስ ነበር፤ በየከፍታው እየቆምን፣ እየረገጥኩ፣ እሷ እየጻፈች። አርማኒያ፣ ደብረ ሲና፣ ከዋሻው ማዶ። ዳገቱን ስንጨርስ ጭስ የለም። መንገድ ላይ አባትና ልጅ በታይሚንግ ተጣሉ። እሷ ካንዴላው ቀደም ብሎ እንዲተኩስ ትፈልጋለች፤ ጉልበት ይጨምራል። እሳቸው ደግሞ ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲሉ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ማደያው ላይ ኦክቴን (ቤንዚኑ መቀጥቀጥን የሚቋቋምበት ደረጃ) መርጠህ የምትቀዳበት ዕድል የለም፤ የመጣውን ነው የምትቀዳው። 11 ለ 1 የሚጨምቅ ሞተር ደግሞ በዚህ ይቀየማል። እሳቸው አሸነፉ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ቆላ ላይ ሲረገጥ ትንሽ ጉልበት ተቀንሷል፤ ይታወቀኛል። ደጋ ላይ ግን አልተነካም።

ጠዋት ማስነሳት ሌላ ራስ ምታት ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። አዲስ አበባ የተቀመጠው የማስነሻ ቤንዚን ለእኛ ብርድ አይበቃም። ይህን ቀን ላይ ማስተካከል አይቻልም። መኪናዋ ውጭ አድራ ልጅቷ ጋቢዋን ተከናንባ ገና ሳይነጋ መጣች። አንድ ጊዜ ትሞክራለች፣ ታስተካክላለች፣ ከዚያ እንደገና እስክትቀዘቅዝ እስከ ማግስቱ ትጠብቃለች። ሌላ መላ የለውም። አሁን በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች፤ ሚኒሞዋም (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞረው ዙር) አይወርድም።

የማይጥመኝን ልናገር። ስልክ አያነሱም። በፍጹም። መሄድ ነው ያለብህ፤ ስትሄድም ወረፋ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ሁሉም ያለውን እየጠገነ ነው፤ ግቢው ሞልቷል። መቀመጫ የለም። ብርዱ ደግሞ ብርድ ነው። "ነገ ና" የሚሉት ነገ ማለት አይደለም፤ የኔዋ ቃል ከገቡልኝ በላይ ብዙ ቆይታለች፤ አንድም ቀን ደውለው አላሳወቁኝም። ደረሰኝ ስጠይቅ ከደብተር ቅዳጅ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። አንዱ ረዳት የኮፈኑን ቀለም በመፍቻ ጭሮብኛል፤ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ሂሳብ ላይ ግን ያሰቡልኝ ነገር የለም።

ያልተፈታም አለ። ይህ ሞተር የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያዛውር አንድ ጥርስ አለው፤ ሲያረጅ ሚኒሞ ላይ እንደ ናፍጣ ሞተር ታክ ታክ ይላል። የእኔው ይላል። ጋሼ አዲስ ካልተገኘ አልነካውም ብለዋል፤ የተበላ በተበላ መቀየር ሞኝነት ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ግን ታክ ታኩ ያናድደኛል።

ዋጋው ለኮምፒውተሩ ሥራ ከነመንገዱ 18,000 ብር ከፈልኩ። ሴንሰሩና ክዳኑ ለብቻ ነው፣ ትንሽ ገንዘብ ነው። የመንገዱን ቤንዚንና የሦስታችንን ምሳ እኔ ነኝ የቻልኩት። ሸዋ ሮቢት ላይ ጋሼ ሁለተኛ ጥብስ አዘዙ፤ ይኼኛው ሂሳብ ውስጥ አልነበረም። ቴስታታ ለማንሳት ከተጠየቅሁት ጋር ሲተያይ ሩቡን አይሞላም።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ማለዳ ሂዱ፤ ሞተራችሁ ቀዝቃዛ ሆኖ ይዩት። ዘይትና ካንዴላ ራሳችሁ ገዝታችሁ ውሰዱ፤ እሳቸው ዕቃ አይነግዱም። ተርቦ የተገጠመለት መኪናም ይቀበላሉ። ናፍጣ ፒክአፕ ላይ ቺፕ አስገቡልኝ ለሚል ሰው ግን ጊዜ የላቸውም፤ ሲመልሱ አይቻለሁ። ኮምፒውተር ያላት መኪና ከሆነች ቀድሞ ያስተካከለላችሁን ሰው ፋይሉን ጠይቁትና ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዜሮ ከመጀመር ያድናል። እነሱ ሲጨርሱ የእኔን ፋይል በፍላሽ ሰጥተውኛል፤ አንዱ የድሮው፣ አንዱ የአዲሱ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ምን እንደተቀየረ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻ አለው። አዲስ አበባ ይህን ስጠይቅ "እሱ የኛ ነው" ነበር የተባልኩት።